አውቶ ሆልድ በደሴ ዳገት ላይ ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቀኝ እግሩን የሚያሳርፍ ሾፌር ብርቅ ነው። ከጦሳ ሥር በተሠራች ከተማ መኪናው ሲቆም ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ አይቀርም። ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ከኋላ የመጣው ባጃጅ መከላከያው ላይ ተለጥፎ ስለሚቆም አንድ ክንድ እንኳ ወደ ኋላ መንሸራተት ከሰው ጋር ያጣላል። አውቶ ሆልድ የሚሉት ቁልፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የታሰበ ነው። ፍሬን ረግጠው መኪናውን ካቆሙ በኋላ እግርዎን ቢያነሱም ፍሬኑ እንደያዘ ይቆያል፤ ነዳጅ ሲነኩ ራሱ ይለቃል።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። በዘመናዊ መኪና ላይ ከተደረደሩት ቁልፎች ሁሉ ለደሴ ሰው የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። የጣሪያ መስታወቱ፣ የወንበር ማሞቂያው፣ ባለ ብዙ ቀለሙ የውስጥ መብራት ይቅርብኝ ቢባል ያስኬዳል። ግን አውቶ ሆልድ የእጅ ፍሬን አይደለም፤ ቁልቁለት ለመውረድም አያግዝም። ጣጣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲዘነጋ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መኪናው ላይ አስቀድሞ ኢኤስሲ የሚባል የመንሸራተት መቆጣጠሪያ አለ፤ ከኤቢኤስ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ቫልቮችና ፓምፕ ያሉት ሳጥን ነው። የጎማ ሴንሰሮቹ መኪናው ቀጥ ብሎ መቆሙን ሲያሳውቁ ሳጥኑ ቫልቮቹን ይዘጋና እግርዎ የፈጠረውን የፍሬን ዘይት ግፊት አራቱም ጎማ ላይ ያስቀረዋል። መኪናው ሊንሸራተት ሲል ፓምፑ ግፊት ይጨምርበታል። ስለዚህ የሚይዘው ያው የተለመደው የእግር ፍሬን ነው፤ የኋላ የፍሬን መብራትም እንደበራ ይቆያል። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ስቱድቤከር በፈረንጆቹ 1936 ፍሪሲዮን ተረግጦ እስካለ ድረስ መኪናውን ዳገት ላይ የሚይዝ መሣሪያ አቅርቦ ነበር። የዛሬው ዓይነት የተስፋፋው ግን የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ከመጣ ወዲህ ነው፤ ቮልስዋገን ፓሳት በ2005 ሞዴሉ ሁለቱንም ይዞ ወጥቷል።

መኪና ሻጮች የሚያደባልቁት አንድ ነገር አለ። «ዳገት ላይ አይንሸራተትም» ተብሎ የሚሸጥ መኪና ሁሉ አውቶ ሆልድ የለውም። ብዙዎቹ ያላቸው የዳገት መነሻ እገዛ ነው። እሱ እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ እስኪሻገር ድረስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይይዝና ይለቃል፤ ነዳጅ ሰጡም አልሰጡም ይለቃል። አውቶ ሆልድ መስሎት እግሩን አንሥቶ ስልክ የሚያይ ሰው ከኋላው ያለውን ባጃጅ ፊት ይጨፈልቃል። ልዩነቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ አውቶ ሆልድ የራሱ ማብሪያ አለው፣ ሲይዝም ዳሽቦርዱ ላይ ምልክት ያበራል። የዳገት መነሻው እገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያም የያዘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም የለውም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይህ ነገር ቀስ በቀስ የሁሉም ጉዳይ እየሆነ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ ቁልፉን መሪው አካባቢ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ መሃል ያለው ስክሪን ውስጥ የተሽከርካሪውን ማስተካከያ ከፍቶ፣ ፍሬን የሚለው ውስጥ ነው የሚበራው። ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ ላይ «ሆልድ» የተጻፈበት ቁልፍ አለ። ቢዋይዲ ኤቪኤች ይለዋል፤ እንደ ሞዴሉ በቁልፍም በስክሪንም ይበራል። መርሴዲስ ላይ ደግሞ ማብሪያ ፍለጋ አይገባም፤ መኪናው ከቆመ በኋላ ፍሬኑን አንዴ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ነው። ቪትዝና የድሮ ኮሮላ ላይ በከንቱ አይድከሙ፤ በእጅ የሚጎተት ፍሬን ያለው መኪና በአብዛኛው ይህ የለውም።

የቶዮታና የሆንዳ ባለቤቶች የሚያማርሩት አንድ ጉድለት አለ፤ መኪናው በጠፋ ቁጥር አውቶ ሆልዱም አብሮ ይጠፋል፣ ጠዋት እንደገና መጫን አለበት። ቮልስዋገን በአብዛኛው የመጨረሻውን ምርጫ ያስታውሳል። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ አደጋ አለው። ትናንት በርቶ ነበርና ዛሬም አለ ብሎ እግሩን የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ማብሪያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ባቆሙ ቁጥር እግርዎን ከማንሣትዎ በፊት የመያዣውን ምልክት አይተው ያረጋግጡ። ቶዮታ ላይ አረንጓዴው «ተዘጋጅቻለሁ»፣ ቢጫው «ይዣለሁ» ማለት ነው። አረንጓዴውን አይቶ እግር ማንሣት ስህተት ነው፤ ቮልስዋገን ላይ ደግሞ ሲይዝ የሚበራው አረንጓዴ ስለሆነ ሁለቱንም የሚነዳ ሰው ይምታታበታል።

እንዲበራ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ መኪናው የተነሣ፣ የሾፌሩ በር የተዘጋ፣ የሾፌሩ ቀበቶ የታሰረ። «አውቶ ሆልዱ ተበላሸ» ተብሎ ጋራዥ ከሚመጣው ሁሉ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ቀበቶው ነው። ጩኸቱን ለማጥፋት ቀበቶውን ከጀርባ አሳልፎ የሚቆልፍ ሾፌር ሳጥኑን ያታልላል፣ ቀበቶው ግን እዚህ ሌላ ሥራም አለው። መኪናው ተይዞ ሳለ ቀበቶ ሲፈታ ወይም በር ሲከፈት ሲስተሙ ሾፌሩ ሊወርድ ነው ብሎ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑን ያስራል። ከጀርባ የታሰረ ቀበቶ ከእነዚህ ከሁለቱ ጠባቂዎች አንዱን ያጠፋል።

ዳገት ላይ አነሣሡ ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል። ነዳጁን ጫፉን ብቻ ነክተው ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ ፍሬኑ ሲለቅ መኪናው በትንሹ ሲፈታ ይሰማል፣ ከዚያ ይጨምሩ። በኃይል ከረገጡ መኪናው ዘሎ ይወጣል። በጣም ቀስ ካሉ ደግሞ ሳጥኑ ዳገቱን የሚያሸንፍ ጉልበት እስኪመጣ ፍሬኑን አይለቅምና መኪናው የታሰረ ይመስላል። «ይጎትተኛል» የሚለው ስሞታ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉልበታቸው ወዲያው ስለሚመጣ በዚህ ይሻላሉ። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ካለዎት አውቶ ሆልዱ ለፍሪሲዮኑም ዕረፍት ነው፤ ዳገት ላይ በነዳጅ እየነካኩ መኪናውን ማንጠልጠል ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደማይመቸው ጎኑ እንምጣ። አውቶማቲክ መኪና ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አውቶ ሆልድ ሲበራ ይህ ይቀራል። ሰልፉ በአንድ እርምጃና በሁለት እርምጃ የሚንፏቀቅ ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ ነዳጅ መንካት፣ ፍሬን መርገጥ፣ እንደገና ነዳጅ መንካት ይመጣል። በገበያ ቀን በሰውና በበግ መካከል እየተንፏቀቁ ለሚሄዱበት መንገድ ያጥፉት። ቆሞ መጠበቅ ያለበት፣ በተለይ አፍንጫው ወደ ላይ የሆነበት ሰልፍ ላይ ያብሩት። ከድካሙ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዷ ስንዝር ነዳጅ መንካት የለመደ እግር ግቢ ውስጥ ሲያቆምም ነዳጅ ይነካል፤ ግንቡ ደግሞ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ሲያቆሙና ወደ ኋላ ሲሄዱ ማጥፋቱ ደንብ መሆን አለበት። አንዳንድ መኪኖች አር ሲገባ ራሳቸው ያቆሙታል፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ከሁሉ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት የጊዜው ጉዳይ ነው። አውቶ ሆልድ ለዘላለም አይይዝም። ቫልቮቹ ግፊቱን የሚይዙት በኤሌክትሪክ ስለሆነ ይሞቃሉ፤ በመሆኑም የተወሰነ ጊዜ ሲሞላ ሥራው ለኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ይተላለፋል። ቶዮታ ላይ 3 ደቂቃ ያህል፣ ሆንዳ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ሲሆን ከኋላ «ዝዝዝ» የሚል የሞተር ድምፅ ይሰማል። ልብ ይበሉ፤ እስከዚያ አራት ጎማ ነበር የያዘው፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው የኋላ ሁለት ብቻ ነው።

ዳገት ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጫን ሁለቱ በደንብ ይይዛሉ። አፍንጫው ወደ ታች ሲሆን ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ይቀላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ መንገድ ተዘግቶ ሰልፍ ቢቆም፣ ክረምትም ከሆነና አስፋልቱ ላይ ጭቃ ካለ፣ በዚያ ቁልቁለት መኪናውን ለአውቶ ሆልድ ሰጥቶ መቀመጥ ትክክል አይደለም። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያስቆም ከመሰለ ፍሬኑን እንደረገጡ ፒ ያስገቡና የእጅ ፍሬኑን ራስዎ ይሰሩት። የፊት ጎማው የሚነዳ መኪና ላይ ፒ የሚቆልፈው የፊቱን ስለሆነ የኋላውንና የፊቱን አንድ ላይ አገኙ ማለት ነው። ወርደው የሚቆሙ ከሆነ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስደግፉ፤ ሲሄዱም ድንጋዩን ከመንገድ ያንሡ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው ጥሎት የሄደ ድንጋይ ስንት ቸርኬ እንደሚያጣምም ጎሚስታ ይጠየቅ።

ስለ ሐረጎ ካነሣን፣ አውቶ ሆልድ እየሄደ ባለ መኪና ላይ ምንም አይሠራም። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ የ600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አላቸው፤ ይህን የሚያወርደው ማርሽ እንጂ ፍሬን መሆን የለበትም። በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ አያተርፍም፣ ፍሬን ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ዲውን ትቶ ኃይል የሚመልሰውን ማርሽ፣ አይዲ 4 ላይ ቢ የሚለውን፣ ያስገባ። እሱም ቢሆን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ቀጥ አድርጎ አያቆምም፤ የመጨረሻዋን ማቆሚያ እግር ነው የሚረግጣት። ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁል መውረድም ጥሩ አይደለም። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል ሸክሙ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ዲስክ ይዞራል። 85 ወይም 90 ላይ ነቅሎ መውረድ ይሻላል።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፍሬኑ ከሸተተ አውቶ ሆልዱን ለጊዜው ያጥፉት። የጋለ ዲስክ ላይ ዲስኩን የሚጨብጠው ፓድ ተጣብቆ ሲቆም ከፓዱ የሚላቀቅ ቁስ እዚያው ቦታ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰው ዲስኩ ተጣመመ ብሎ በቶርኖ ያስልጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ይህ እድፍ ነው። ቀስ ብለው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ፍሬን ይንዱና ነፋስ ይምታው። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን ጋለ ብሎ ሲታሰር፣ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አጥብቆ የያዘው ይላላል። ብዙ መኪኖች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው መልሰው ያጠብቃሉ፤ ቆሞ ጠፍቶ ሳለ «ዝዝ» ሲል ሰምተው የሚደነግጡ ባለቤቶች አሉ። አብሽር፣ ብልሽት አይደለም።

ላቫጆ ላይ መኪናው በሰው ተገፍቶ ወይም በሰንሰለት ተስቦ የሚያልፍ ከሆነ አውቶ ሆልዱ መጥፋት አለበት። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ ወደ ጦሳ ግርጌ በሚወጡት ጠባብ መንገዶች፣ ፍሬኑ ቢይዝም ጎማው ሊንሸራተት ይችላል፤ እግር ከፍሬኑ ባይርቅ ይመረጣል። ኬላ ላይ ከፊትዎ ሰው ቆሞ ሲያነጋግርዎ ፒ ያስገቡ። እጅ ወደ ወረቀት ሲዘረጋ እግር ሳይታወቅ ነዳጅ ከነካ መኪናው ይነሣል።

ብልሽቱን በተመለከተ፣ አውቶ ሆልድ ራሱ ብዙ የሚበላሽ ዕቃ የለውም፤ የሚያጠፉት ሌሎች ናቸው። የኤቢኤስ ወይም የኢኤስሲ መብራት ከበራ አውቶ ሆልድ አይነሣም፤ ሳጥኑ አንድ ነውና። በእኛ መንገድ ዋናው ተጠርጣሪ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ነው። ጭቃ ይደርቅበታል፣ ኮረኮንች ላይ የሚፈናጠር ድንጋይም ሽቦውን ይቆርጠዋል። ሳጥን ይቀየር ከመባሉ በፊት አራቱን ጎማ አስነሥቶ ሽቦዎቹን በዓይን ማየት ገንዘብ ያድናል። ሁለተኛው ከፍሬን ፔዳሉ ጀርባ ያለው ስዊች ነው፤ እሱ ሲሞት የኋላ የፍሬን መብራት አይበራም፣ ሲስተሙም ፍሬን መረገጡን አያውቅም። ሦስተኛው የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም ይህ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ሲደክም የእጅ ፍሬኑ ሞተር ወይ አያስርም ወይ አይፈታም። ከታሰረ በኋላ ባትሪው ከሞተ መኪናው በገመድ አይጎተትም፣ የኋላ ጎማው ቆልፏልና። ከሌላ ባትሪ ኬብል አገናኝቶ ማስለቀቅ ነው የሚቀድመው።

የፍሬን ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ ያስቀይሩ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። ሐረጎ ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው፤ ውሃ ያለበት ዘይት ውስጥ ቆይተው የሚዝጉት ቫልቮች ደግሞ የአውቶ ሆልዱ ቫልቮች ናቸው።

ጋራዥ ሲገቡ አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቁ፤ «የኋላ ፓድ ስትቀይሩ የእጅ ፍሬኑን ወደ ሰርቪስ ሁኔታ የምታስገቡት በምንድን ነው?» የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የእጅ ፍሬኑ ሲታሰር ፒስተኑ በሞተር ነው የሚገፋው። በኮምፒውተር ወይም አምራቹ ባዘዘው የቁልፍና የፔዳል ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ሳይመለስ በክላምፕ ተገፍቶ ከገባ የሞተሩ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። መልሱ «ችግር የለም፣ እናስገባዋለን» ከሆነ ቁልፉን ተቀብለው ይውጡ። አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ስለሆነ የፓድ ጣጣ የለበትም፤ ከበሮውን ለማውጣት ግን የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሙከራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳገት ላይ ይቁሙ፣ ከኋላ ሰው እንዳይኖር ያድርጉ፣ ቀበቶ ይሰሩ፣ አውቶ ሆልዱን ያብሩ። ፍሬን ረግጠው ያቁሙና እግርዎን ከፔዳሉ ላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ያንሡ፤ መኪናው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ረዳት ካለ የኋላ መብራቱ እንደበራ ይይ። ጊዜው እስኪሞላ ይጠብቁና የእጅ ፍሬኑ ምልክት ሲመጣና ከኋላ ድምፅ ሲሰማ ያረጋግጡ፤ ከግራና ከቀኝ ድምፁ እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ ጎን ዝም ካለ ሞተሩ ሞቷል። እንደገና ያስይዙት፣ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ተዘጋጅቶ ሳለ ቀበቶውን ይፍቱ፤ የእጅ ፍሬኑ ወዲያው መታሰር አለበት። በመጨረሻ ነዳጅ ነክተው ይነሡ፤ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ወይም ፍሬኑ ከለቀቀ በኋላ ጎማው ከጮኸ ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት።

ቶዮታና ሆንዳ ጠዋት ጠዋት መጫን ለሰለቻቸው ሰዎች ከቻይና የሚመጣ ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ከቁልፉ ጀርባ ይሰካና መኪናው ሲነሣ አውቶ ሆልዱን ራሱ ያበራል። በተመሳሳዩ መሰኪያ የሚገባ ከሆነ፣ ሽቦ ካልተላጠ፣ ጉዳት የለውም፤ ሽቦ ቆርጦ የሚገጥም ኤሌትሪሺያን ግን አይቅረብዎ። በእጅ የሚጎተት ፍሬን ያለው መኪና ላይ አውቶ ሆልድ እንጨምራለን የሚል ሰው ካገኙ ደግሞ ጨርሶ እሺ አይበሉ። ቪትዝ ላለው ሰው የሚጠቅመው የእጅ ፍሬኑን ገመድ ማስወጠር ነው፤ እጀታው ከስድስትና ከስምንት ጠቅታ በላይ ከወጣ ላልቷል። በጥቂት ጠቅታ የሚይዝ የእጅ ፍሬን ያለው ቪትዝ ፒያሳ ዳገት ላይ ከማንም አያንስም፤ ክንዱ ነው የሚደክመው።